የሕልም ደብተሮቼን ምን ላድርጋቸው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 44 ነው። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሲሆን በፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሕልሜን እጽፋለሁ፤ ዛሬ ደብተሮቹ አንድ ሣጥን ሞልተዋል። ስለ እንቅልፍና ስለ ሕልም የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። በቅርቡ ደግሞ ሕልሜ እንዳያመልጠኝ በየሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በስልክ ደወል መነሣት ጀምሬአለሁ። ጎረቤቶቼ ሕልማቸውን እንድፈታላቸው ይመጣሉ፤ ባለቤቴ ግን ‹የሥራ ፈት ሥራ› ይለዋል። ልጆቼ ስላደጉልኝ ሥራዬን ትቼ ሳይኮሎጂን ከመጀመሪያ ዲግሪ ልጀምር እያሰብኩ ነው። ረፍዶብኛል? ደብተሮቼስ ለሳይንስ የሚጠቅሙት ነገር አለ?»

ደብተር ያዥዋ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ደብተሮቹ ይጠቅማሉ። ሥራዎን ትተው ሳይኮሎጂን ከመጀመሪያ ዲግሪ እንዲጀምሩ ግን አልመክርዎትም። ይህን የምለው በዕድሜዎ ምክንያት አይደለም፤ በ44 ዓመት ዩኒቨርሲቲ መግባት ዛሬ ማንንም አያስገርምም። ችግሩ፣ ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጠው በእነዚያ ዓመታት ከሚማሩት ውስጥ እንቅልፍንና ሕልምን የሚመለከተው ጥቂቱ መሆኑ ነው፤ በአንጻሩ አሁን በእጅዎ ያለው የመድኃኒት ዕውቀት ወደ እንቅልፍ ጥናት ከሚያስገቡት ሰፋፊ በሮች አንዱ ነው። ከሌላ ዲግሪ በፊት የሚያስፈልግዎ ጅማ ላይ ሆነው፣ ባለዎት አቅም ሊመልሱት የሚችሉ አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው። ያንን ጥያቄ ደግሞ ከመድኃኒት ቤትዎ መስኮት በስተኋላ ቆመው በየቀኑ ሳያዩት አይቀሩም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በደብተር ሕልም ስለ ማጥናት ከተነሣ ሜሪ ካልኪንስን ማለፍ አይቻልም። ይህች አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1893 ላሳተመችው የሕልም ጥናት መሣሪያዎቿ ሻማ፣ ክብሪት፣ እርሳስ፣ ወረቀትና የደወል ሰዓት ነበሩ። እርሷ ለ55 ሌሊት፣ የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ለ46 ሌሊት በተለያየ ሰዓት እየነቁ ያዩትን እዚያው አልጋቸው ላይ ጻፉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ቆጥረው አብዛኛው ሕልም በንቃት ከምንኖረው ሕይወት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ የሚበዛውም ወደ ንጋት መሆኑን አሳዩ። ምክንያቱ የታወቀው ስድሳ ዓመት ቆይቶ ነው። ዩጂን አሰሪንስኪ የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የገዛ ልጁ ተኝቶ ሳለ የዓይኖቹን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲመዘግብ፣ ዓይኖቹ በየተወሰነ ጊዜ ከሽፋናቸው ሥር ወዲያና ወዲህ እንደሚወረወሩ አስተዋለ፤ ከአስተማሪው ከናትናኤል ክላይትማን ጋርም በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ፈትሾ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተመ። ዛሬ ሬም እየተባለ የሚጠራው ይህ የእንቅልፍ ክፍል በ90 ደቂቃ ገደማ እየተመላለሰ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ስለሚረዝም የካልኪንስ ሕልሞች ወደ ንጋት መብዛታቸው ትክክል ነበር። (ዲግሪ ላስጨነቀው ሰው የሚጠቅም ወሬ ልጨምር፦ አሰሪንስኪ የዶክትሬት ትምህርቱን ሲጀምር የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳ አልነበረውም።)

ካልኪንስን ከእርስዎ የሚለያት የደብተሩ ብዛት አይደለም፤ በዚያ በኩል እርስዎ እጅግ ይበልጧታል። እርሷ አስቀድማ በወሰነቻቸው ሌሊቶች ያገኘችውን ሁሉ፣ ተራውንም አስገራሚውንም፣ ሳትመርጥ ጽፋለች። እርስዎ ግን ከልጅነትዎ ጀምሮ የጻፉት ምናልባት ያስደነቀዎትን፣ ያስፈራዎትን ወይም ጠዋት ጊዜ ኖሮዎት ያስታወሱትን ይሆናል። ስለዚህ «ሰው በብዛት ምን ያልማል?» ብለው ደብተሮቹን ቢጠይቋቸው የተሳሳተ መልስ ይሰጡዎታል። ሊመልሷቸው የሚችሏቸው ሌሎች ጥያቄዎች ግን አሉ። የሞተ ዘመድ ከሞተ ከስንት ጊዜ በኋላ በሕልም መታየት ጀመረ? ሲመጣስ በሕይወት እንዳለ ሆኖ ነው ወይስ መሞቱ እየታወቀ? የፈተና ሕልም ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ እስከ ስንት ዓመት ቀጠለ? አማርኛና አፋን ኦሮሞ በሚነገርበት ከተማ እንደ መኖርዎ፣ በሕልምዎ ውስጥ ማን በየትኛው ቋንቋ ያናግርዎታል? እነዚህ ከአንድ ሰው ረጅም መዝገብ ካልሆነ በቀር ከየትም የማይገኙ ናቸው፤ የአንድ ሰው የብዙ ዓመት የሕልም መዝገብ በዘርፉ ውስጥ ራሱን የቻለ የጥናት ምንጭ ነው።

ለመቁጠሪያ የሚሆን የታወቀ ዘዴም አለ። ካልቪን ሆልና ሮበርት ቫን ደ ካስል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ሥርዓት መሠረት እያንዳንዱ ሕልም ስለ ሰዎቹ፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ጠቡና ስለ ወዳጅነቱ፣ ስለ ስሜቱ፣ ስለ መሳካቱና ስለ መክሸፉ ተለይቶ ይመዘገባል። ማነጻጸሪያቸውን የሠሩት ከ100 ወንድና ከ100 ሴት የኮሌጅ ተማሪዎች አምስት አምስት ሕልም ወስደው፣ በጠቅላላው ከ1,000 ሕልሞች ነው። እነዚያ ተማሪዎች አሜሪካውያን መሆናቸውን አይርሱ፤ የጅማ ሕልም ከእነርሱ ጋር ባይመሳሰል ጉድለት አይደለም። ሥርዓቱን ተምረው አንድ ደብተር ብቻ፣ ለምሳሌ በሐዘን ወይም በወሊድ ዓመት የጻፉትን፣ በዚያ መንገድ ቢቆጥሩ ሣጥኑን ሙሉ አሥር ጊዜ ከማንበብ የበለጠ ይማራሉ። ሲገለብጡ ዋናውን ጽሑፍ አይንኩ፤ «እዚህ ላይ እንዲህ ማለቴ ነበር» የሚል እርማት በሌላ ወረቀት ይሁን፤ በሕልሙ ውስጥ የተጠቀሱ ሰዎችን ስም ደግሞ በቁጥር ይለውጡ፤ ጎረቤትዎ በሕልምዎ ስለ መጣች ብቻ በጥናት ውስጥ መግባት አይገባትም።

ከዛሬ ጀምሮ ለሚጽፉት ግን ሌላ ሕግ ያስፈልጋል። የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት፣ የመጨረሻውን ቡና የጠጡበትን ሰዓት፣ የወሰዱት መድኃኒት ካለ እርሱን፣ ከዚያም ሕልሙን ይጻፉ። ምንም ያላስታወሱበትን ጠዋት ባዶ አይለፉት፤ «የለም» ብለው ይጻፉ፤ ያ ገጽም መረጃ ነው። የቡናውን ሰዓት የጠቀስኩት ለወግ አይደለም፤ ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመወገድ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የተጠጣ በረካ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ግማሹ ከእርስዎ ጋር ነው። በእጅ ሰዓትና በስልክ የሚመጡት የእንቅልፍ መቁጠሪያዎች ላይ ደግሞ ገንዘብ አያባክኑ፤ የሚለኩት የክንድ እንቅስቃሴንና የልብ ምትን እንጂ የአንጎልን ሞገድ ስላልሆነ፣ «ይህን ያህል ደቂቃ አልመሻል» ቢሉዎት ግምት ነው።

የ9 ሰዓቱን ደወል ያጥፉት። አባቶች «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ሕልም ተፈልጎ ሳይተኛ ሊታደር ሆነ። ካልኪንስ በደወል የነቃችው ለተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱን የሚቆርጥ ሰው ግን የሚያጠናው የጤናማ ሰውን ሕልም ሳይሆን የእንቅልፍ እጦትን ይሆናል፤ በማግሥቱም መድኃኒት የሚያድል እጅ ነው ያለዎት። ደግሞም አያስፈልግም። ምሽት 4 ሰዓት የተኛ ሰው የሬም እንቅልፉ የሚረዝመው ከሌሊቱ 9 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ጅማ ውስጥ ደግሞ የሱብሒ አዛን በዚያው መካከል ያነቃል። በአዛኑ ሲነቁ ዓይንዎን ሳይገልጡ፣ ሳይገላበጡ ጥቂት ይቆዩና የመጨረሻውን ትዕይንት ይያዙ፤ የቀረው ወደ ኋላ ተጎትቶ ይመጣል። ስልክ አስቀድሞ ያነሣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱንም አያገኘው።

ጎረቤቶችዎን በተመለከተ ጠንከር ያለ ምክር አለኝ፦ መፍታቱን ይተዉት። ሕልም በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የራሱ አዋቂዎችና የራሱ ሥርዓት አለው፤ የዮሴፍን ታሪክ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ ሳይንስ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። የእኔ ሥጋት ስለ ጥናቱ ነው። ፍቺ የሚጠብቅ ሰው ሕልሙን ሲናገር ለፍቺ እንዲመች አድርጎ ይናገረዋል፤ ፈቺዋም ሳታውቀው ወደ ምትፈልገው ታዘነብላለች። አጠያየቅ መልስን ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሳይ ከዚሁ ዘርፍ የተገኘ ማስረጃ አለ። ዊልያም ዲመንትና ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ከሬም እንቅልፍ ቀስቅሰው ሲጠይቁ 80 በመቶ ያህሉ ጊዜ ሕልም ተነገራቸው፤ ከሌላው እንቅልፍ ሲቀሰቅሱ ግን 7 በመቶ ብቻ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዴቪድ ፎክስ ጥያቄውን «አልመህ ነበር?» ከማለት ወደ «በአእምሮህ ውስጥ ምን ነበር?» ሲለውጠው፣ ከሬም ውጭ ከሆነው እንቅልፍ ከተቀሰቀሱትም ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ የሚነገር ነገር ተገኘ። ስለዚህ ጎረቤትዎ ስትመጣ «ኸይር ነው» ብለው ያዳምጧት፤ «ከዚያስ?» ከማለት በቀር አይጨምሩ። ሁለት ዓይነት ሰዎችን ግን በማዳመጥ ብቻ አይሸኟቸው፦ ከደረሰባቸው ከባድ ነገር በኋላ ያው ቅዠት እየተመላለሰ እንቅልፍ የነሣቸውን፣ እንዲሁም ተኝተው የሚጮኹና አጠገባቸው የተኛውን የሚማቱ፣ በተለይም ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ወንዶችን። የኋለኛው በሬም ወቅት መዛል የነበረበት ጡንቻ አለመዛሉን የሚያሳይ ሕመም ሊሆንና የፓርኪንሰን ሕመም ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል ይላኳቸው።

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠቀስኩት ጠባብ ጥያቄ እንመለስ። የመድኃኒት ቤትዎን መደርደሪያ ይመልከቱ፤ የሕልም መማሪያ ነው ማለት ይቻላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ኢፋቪሬንዝ የሚወስዱ ሕመምተኞች ግልጽና አስፈሪ ሕልም ማየታቸው የታወቀ ነው፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ቅዠት ሊያመጣ ይችላል፤ ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን የሬም እንቅልፍን ይቀንስና በድንገት ሲቋረጥ ሕልሙ ጎርፎ ይመጣል፤ ማረጋጊያውን ዲያዜፓምን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በአንዴ ያቆመ ሰውም እንቅልፍ ማጣትና ቅዠት ይገጥመዋል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ጅማ ላይ ጎልቶ የሚሰማው በመደርደሪያ የማይሸጠው ነው፤ ጫት።

ከተማው ውስጥ ጫት አቋርጦ በማግሥቱ ስለ ዱካክ ያላወራ ቃሚ ማግኘት ይከብዳል። ከገደል ተወረወርኩ፣ አውሬ አሳደደኝ፣ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አላንቀሳቅስም አለኝ ይላል፤ ብዙዎችም ከዚያ ለመሸሽ ሲሉ ብቻ ወደ በርጫው ይመለሳሉ። ከአንጎል አሠራር አንጻር ሊሆን የሚችለውን እንመልከት። ለጋ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ አምፌታሚን የሬም እንቅልፍን እንደሚያፍንና ሲቋረጥ የታፈነው ሬም በብዛት እንደሚመለስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተመዝግቧል። ስለዚህ የዱካክ ሌሊት የተመለሰ ሬም ነው ብሎ መገመት ይቻላል። «አላንቀሳቅስም አለኝ» የሚለው ደግሞ በሬም ወቅት የሰውነት ጡንቻ መዛሉ ሰውየው ከነቃ በኋላ ለአፍታ ሲቀጥል የሚከሰተውን ይመስላል። ከምርቃና በኋላ ለጨብሲ አልኮል የሚጠጣውን ሰው ነገሩ ይብስበታል፤ አልኮል በሌሊቱ የመጀመሪያ ግማሽ ሬምን አፍኖ በሁለተኛው ግማሽ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ይህ ሁሉ ግን ለጫት ከሌላ አነቃቂ የተዋስነው ማብራሪያ ነው፤ መፈተሽ ይፈልጋል።

ታዲያ የእርስዎ ጥያቄ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ በራሳቸው ፈቃድ ጫት ያቋረጡ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሚያዩት ሕልም ከሁለተኛው ሳምንት በምን ይለያል? የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ መሣሪያ አይጠይቅም። ሃያ ወይም ሠላሳ ፈቃደኞች፣ ለእያንዳንዳቸው አሥራ አራት ጠዋት የሚሞላ አጭር ቅጽ፣ ጠብን፣ ፍርሃትንና መሸሽን የሚቆጥር የሆልና የቫን ደ ካስል ሥርዓት፣ ለማነጻጸሪያ ደግሞ መቃማቸውን ያልተዉ ሌሎች ሰዎች ይበቃሉ። ቅጹ ላይ «ዱካክ ያዘህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ለአንዱ ቅዠት፣ ለሌላው አካል መታሰር ስለሆነ የሆነውን ይተርክ። የእንቅልፉን ጥራት ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ አለ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ሲሆን ከ5 በላይ ያገኘ ሰው እንቅልፉ ደካማ ነው ይባላል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መጠይቅ በኢትዮጵያውያን ላይ ፈትሸው ስላሳተሙ ከባዶ አይነሡም። ከሮመዳን ጋር እንዳይደራረብ ብቻ ይጠንቀቁ፤ የመቃሚያውም የመኝታውም ሰዓት ስለሚዛወር ውጤቱ ይደበላለቅብዎታል።

ይህን ብቻዎን መሥራት አይችሉም፤ አይገባምም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር በጫትና በአእምሮ ጤና ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍሉም የፋርማሲ ትምህርት ቤቱም ከቤትዎ ሩቅ አይደሉም። ጥያቄዎን፣ ለምን እርስዎ ሊያጠኑት እንደሚችሉ ሳይሆን እንዴት እንደሚጠና በአንድ ገጽ ጽፈው ይሂዱ፤ የሕልም ደብተሮቹን ይዘው አይሂዱ፤ የመጀመሪያው ውይይት ስለ እርስዎ ሆኖ ይቀራል። የሚጎድልዎ ስታቲስቲክስ ነው፤ ያለ እርሱ ሠላሳ ቅጽ ሰብስበው ምን እንዳገኙ ማወቅ ያቅትዎታል፤ ስለዚህ ለሳይኮሎጂ ያሰቡትን ጊዜ በመጀመሪያ ለእርሱ ይስጡት። ከዓመት በኋላም ፍላጎቱ ካልቀነሰ፣ ባለዎት ዲግሪ በአእምሮ ጤና ወይም በኅብረተሰብ ጤና ለሁለተኛ ዲግሪ ያመልክቱ፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አስቀድመው ይዘጋጁበት፤ መመረቂያ ጥናትዎ ያኔ በእጅዎ ይሆናል። ለባለቤትዎ መልስ የሚሆነውም ይኸው ገጽ ይመስለኛል፤ ስለ ሕልም ብዙ ከማስረዳት አንዴ ያስነብቡት።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይጠብቁ። ጥናቱ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ ከመጽደቁ በፊት ከደንበኞችዎ የሰሙትን በማስታወሻ እንኳ አይመዝግቡ፤ ማንንም «ጫት አቁምና ሕልምህን ንገረኝ» አይበሉ፤ ከጸደቀ በኋላም ተሳታፊዎችን በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አይመልምሉ። በምሽት መጥቶ የሚያስተኛ ኪኒን የሚለምን ሰው እምቢ ማለት የሚያስቸግረው ሰዓት ላይ ነው፤ ጥያቄውን ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ ያቅርብለት።